ቀን መቁረጥ በማዕበል ወራት

የሠርግን ዕለት መወሰን በአማርኛ «ቀን መቁረጥ» ይባላል፤ አነጋገሩ የዘወትር ቢሆንም በውስጡ ከባድ አሳብ አለ። ቀን የሚቆርጥ ሰው ገና ካልመጣው ጊዜ አንዲቱን ዕለት ለይቶ ያወጣል፣ ለዚያችም ዕለት ዘመድ ይጠራል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ ቃል ይገባል፤ ከዚሁ ግስ የተገኘው «ቁርጥ» የሚለው ቃልም የማያወላውልን፣ ወደ ኋላ የማይመለስን ነገር ያመለክታል። ይሁን እንጂ ቀኑን የቆረጡት ወላጆችና ሽማግሌዎች እንደየሃይማኖታቸው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ሳይሉ ከተቀመጡበት አይነሡም፤ በዚህም በአንድ ትንፋሽ የቆረጡትን ዕለት በዚያው ትንፋሽ ለሌላ ፈቃድ አሳልፈው ይሰጣሉ። ቁርጡና «ቢ» የምትለው ትንሽ ፊደል በአንድ አፍ እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ መጠየቅ፣ ሰው በእጁ ባልሆነው ነገ ላይ ማቀድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ጥያቄው የትም አገር ላለ ሙሽራ የሚነሣ ቢሆንም፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ በፍሎሪዳና በካሪቢያን ደሴቶች ግን በየዓመቱ ስድስት ወር ሙሉ በገሃድ ይታያል። ሀሪኬን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚነሣ ታላቅ አውሎ ነፋስ ሲሆን፣ ስሙም የካሪቢያን ቀደምት ነዋሪዎች ከነበሩት ከታይኖ ሕዝብ ቋንቋ በእስፓኝኛ በኩል ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተላለፈ ነው። ኃይሉን የሚስበው ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ የባሕር ውኃ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የራሱ ስም ይወጣለታል፣ 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሀሪኬን ይባላል፣ ከ252 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ደግሞ አምስት እርከን ካለው መለኪያ በመጨረሻው ላይ ይመደባል። ወቅቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ይዘልቃል፤ ከፍተኛው ጣሪያውም ጳጉሜን 5 ቀን አካባቢ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ሰማዩ ሊጠራ፣ አደይ አበባ ሊፈነዳና ዘመን ሊለወጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው ማለት ነው።

ወቅቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ ቢመስልም በሁለት መንገድ ቅርብ ነው። አንደኛው የደመናው መንገድ ነው። ከብርቱዎቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ የሚጠነሰሱት በክረምት ወራት አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚያቋርጡ የአየር ሞገዶች ሲሆን፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን ወደ ኋላ ተከትለው የመጀመሪያ ጥንስሱን በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ በተሰበሰበ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ አግኝተውታል። በአንድ አገር ገበሬው በምስጋና የሚቀበለው የሐምሌ ደመና ዘሩ በሌላ አገር የሚፈራ ማዕበል ሊሆን መቻሉ፣ ነፋስን «መልካም» ወይም «ክፉ» ብሎ ለመሰየም የሚቸኩልን ሰው ሊያስቆመው ይገባል።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው መንገድ ነው። በአገር ቤት በክረምት አይደገስም፤ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይበላሻል፣ ገበሬው በእርሻና በአረም ይያዛል፣ ጎተራውም ይጎድላል፤ ስለዚህ ሠርግ የሚበዛው አዝመራው ከገባ በኋላ፣ በጥር ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከትንሣኤ በኋላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቴክሳሷ በሂውስተን ከተማ ያለ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ግን የልጆችን የትምህርት ዕረፍትና የዘመድን የሥራ ፈቃድ ተከትሎ ዓይኑን በክረምቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ቤተ ክርስቲያን በጾም ወራት ሠርግ ስለማትፈቅድ፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ካበቃ በኋላ እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ይቀሩለታል፤ እነርሱ ካለፉት ከፍልሰታ ፍቺ ጀምሮ የነቢያት ጾም እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ያለው ሰፊ ጊዜ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ሰፊ ጊዜ ውቅያኖሱ እጅግ ከሚናወጥበት ጊዜ ጋር የሚገጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ሀሪኬን ቴክሳስ የገባው ነሐሴ 19 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ በቀናት ውስጥም በአንዳንድ ሥፍራ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ጾምን አክብሮ ቀን የቆረጠ ሰው በዚያ ሳምንት ሠርጉ በውኃ ቢዋጥበት፣ ሥርዓቱን መጠበቁ ለምን አልጠበቀውም ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም በንቀት ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

በካሪቢያን ይህ ጥያቄ በስም አወጣጥ ውስጥ ሳይቀር ታትሞ ነበር። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች በእስፓኝ ዘመን ማዕበልን የሚጠሩት በመታው ዕለት በሚታሰበው ቅዱስ ስም ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ደሴቲቱን አጥፍቶ ከ3,000 በላይ ሰው የገደለው ሀሪኬን ሳን ሲሪያኮ ተባለ፤ በ1928 የደረሰው ደግሞ በ1876 በዚያው ወርና ዕለት ከመታ ሌላ ማዕበል ጋር ስለ ገጠመ «ሁለተኛው ሳን ፌሊፔ» ተብሎ ተመዘገበ። ዕለትን ሁሉ በታቦት ስም ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ልማዱ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያው ልማድ ቢጠሩ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ፍሎሪዳን የመታው ሄሊን የደመራ፣ በ2022 የመታው ኢያን ደግሞ የመስቀል ማግሥት ማዕበል በተባሉ ነበር። በቅዱሱ ስም መጥራቱ ቅዱሱን ጥፋተኛ ማድረግ አልነበረም፤ መከራው የደረሰበት ዕለት ከዚያ በኋላም የጸሎት ዕለት ሆኖ መቅረቱን የሚመሰክር ነበር።

ማዕበሉን የኃጢአት ቅጣት፣ ወይም የሙሽራይቱ «የአርባ ቀን ዕድል» አድርጎ መተርጎም ግን ከዚህ የተለየና የሚያቆስል ነገር ነው። መጽሐፈ ኢዮብ ይህን ትርጓሜ የሚፈትነው ከሠርግ ቤት በማይርቅ ሥዕል ነው፤ የኢዮብ ልጆች በታላቅ ወንድማቸው ቤት በግብዣ ላይ ሳሉ ከምድረ በዳ የመጣ ብርቱ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን መትቶ ጣለባቸው፤ ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹም ለደረሰው ነገር በደል ሲፈልጉ፣ በመጨረሻ የተገሠጹት እነርሱ ሆኑ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይም ክርስቶስ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጥ ተናግሯል። ስለዚህ ሠርጓ በማዕበል የተበተነባትን ሙሽራ ስለ ኃጢአቷ ወይም ስለ ዕድሏ የሚያነጋግራት ሰው፣ በሃይማኖት ስም የሚናገረው ሃይማኖቱ አስቀድሞ የከለከለውን ነው።

ቅጣት ካልሆነ፣ የሚቀረው ጥያቄ ሰው አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ የጥበብ መጻሕፍት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 11 ነፋስን ሲጠብቅ የሚውል ገበሬ ዘር እንደማይዘራ፣ ደመናን ሲያይ የሚኖርም እንደማያጭድ ይናገራል፤ መጽሐፈ ምሳሌ ግን በምዕራፍ 22 ብልህን ከአላዋቂ የሚለየው መከራ ሲመጣ አይቶ መሸሸጉ መሆኑን ያስተምራል። የመጀመሪያው ብቻውን ቢያዝ በመስከረም በባሕር ዳር ድንኳን መትከል የእምነት ድፍረት ይሆናል፣ ሁለተኛው ብቻውን ቢያዝ ደግሞ ማንም ሰው የትም ቦታ፣ በየትኛውም ወር ቀን ሊቆርጥ አይችልም፤ ምክንያቱም መከራ የማይታይበት ወር የለም። ሄሊን የገደለው በጠረፍ ያለውን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሚርቁት በሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ በአሽቪል ከተማና በአካባቢዋም ወንዞችን አስሞልቶ ታላቅ እልቂት አድርሷል፤ ባሕሩን ሸሽቶ ድግሱን ወደ ተራራ ያዛወረ ሰው ቢኖር ማዕበሉን እዚያው ባገኘው ነበር።

ሁለቱ ምክሮች የሚታረቁት «ማወቅ» የሚለው ቃል ሲተነተን ነው። አርስጣጣሊስ ስለ አነጋገር በጻፈው ድርሳን ዘጠነኛ ምዕራፍ ነገ የባሕር ጦርነት ይደረጋል የሚለው ቃል ዛሬ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ጠይቋል፤ ዛሬውኑ እውነት ከሆነ ጦርነቱ የማይቀር ይሆናል፣ የሰውም ምክክር ከንቱ ይሆናልና። በፍልስፍና «ሊሆንም ላይሆንም የሚችል መጻኢ ነገር» የሚባለው ይህ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስር ቤት ሆኖ የጻፈው ሮማዊው ቦኤትዮስ ጥያቄውን ወደ ሃይማኖት አምጥቶ፣ እግዚአብሔር ነገን አስቀድሞ ካወቀ ሰው ምን ነጻነት አለው ለሚለው ሲመልስ፣ ለዘላለማዊው አምላክ ዘመን ሁሉ እንደ ዛሬ በፊቱ የቆመ ስለሆነ የእርሱ ማወቅ እንደ ማየት እንጂ እንደ ማስገደድ አይደለም አለ፤ አንድ ሰው ሌላው ሲራመድ ማየቱ ተራማጁን እንደማያስገድደው ሁሉ። የቦኤትዮስ መልስ ለሙሽሮች የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፣ የእግዚአብሔር ማወቅ የሰውን የማወቅ ግዴታ አይተካም። እርሱ የሚያውቀው ዘመንን ሁሉ በአንድነት በማየት ነው፤ ለሰው የተሰጠው ግን በዘመን ውስጥ ሆኖ፣ ጥቂት በጥቂት ማወቅ ነው።

በማዕበል ነገር ላይ ይህ ጥቂት በጥቂት የሚመጣ ዕውቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱም ለዚህ ጽሑፍ ፍርድ መሠረት ነው። የመጀመሪያው የወቅት ዕውቀት ነው፤ በአማካይ በዓመት 14 ያህል ስም የሚወጣላቸው ማዕበሎች እንደሚነሡ፣ ሰባቱ ሀሪኬን፣ ከእነዚህም ሦስቱ ብርቱ እንደሚሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ አንደኛቸው በተቆረጠው ቅዳሜ በተከራዩት አዳራሽ ላይ ይደርስ እንደሆነ ከዓመት በፊት ሊናገር የሚችል ሰው የለም፤ የመድረሱ ዕድልም ለአንድ ዕለትና ለአንድ ቦታ ሲሰላ ትንሽ ነው። ሁለተኛው የማዕበል ዕውቀት ነው፤ ይህም የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማእከል የማዕበሉ መካከለኛ ነጥብ ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ እየሰፋ በሚሄድ የቀንድ ቅርጽ ያሳያል። ቀንዱ የሚሣለው ካለፉት ዓመታት ስሕተቶች ተነሥቶ ስለሆነ፣ የማዕበሉ መካከል ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ብቻ በውስጡ ይቆያል፤ ደግሞም የጉዳቱን ስፋት አያሳይም። ኢያን ሲቃረብ የቀንዱ መካከለኛ መስመር ከቀናት በፊት ወደ ታምፓ አካባቢ ያመለክት ነበር፤ የብሱን የረገጠው ግን ወደ ደቡብ ርቆ በፎርት ማየርስ አቅራቢያ ነበር።

ከወቅት ዕውቀት ጋር የሚስማማው የመክብብ ምክር ነው፤ ከማዕበል ዕውቀት ጋር የሚስማማው የምሳሌ ምክር ነው። ከዓመት በፊት በደመና ምክንያት ቀን አለመቁረጥ ሕይወትን ለፍርሃት አሳልፎ መስጠት ይሆናል፤ ስም የወጣለት ማዕበል በሦስት ቀን ርቀት ላይ ሳለ «የተቆረጠ ቀን ነው» ብሎ መጽናት ግን ሌላ ነገር ነው። የመድን ድርጅቶች ሳይቀሩ ይህን ወሰን ያውቁታል፤ በአሜሪካ ለሠርግ የሚገዛ ዋስትና እንደ ደንቡ ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ ከተገዛ ለዚያ ማዕበል ካሣ አያስገኝም፣ ምክንያቱም ስም የወጣለት ነገር ያልታወቀ ሊባል አይችልም።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን አደጋ በጥንት ስሙ «የእግዚአብሔር ድርጊት» ይለዋል፤ ይህም ማለት አስቀድሞ ሊገመትና በሰው ጥንቃቄ ሊቀር ስለማይችል ውል ያፈረሰውን ሰው ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ የተፈጥሮ ክስተት ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1792 «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ብሎ የሚጠራው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለውን ነገር ነው። ሁለቱም ሕጎች እንደ መስፈርት የሚያነሡት አስቀድሞ መገመትን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከሕግ ሊቃውንት ይልቅ አጥብቆ የተናገረው ግን ዣን ዣክ ሩሶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝቦን በምድር መናወጥ ስትፈርስ ቮልቴር የመለኮትን ቸርነት ሲጠይቅ፣ ሩሶ በማግሥቱ ዓመት በጻፈለት ደብዳቤ ያን ያህል ብዙ ፎቅ ቤት በአንድ ሥፍራ አጭቆ የሠራው ተፈጥሮ አለመሆኑን አስታወሰው። ነፋሱ የሰው ሥራ አይደለም፤ ድንኳኑን በአሸዋው ላይ የተከለው፣ እንግዳውንም እዚያ የጠራው ግን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2012 በአሜሪካ በእነዚህ ማዕበሎች በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል የገደለው ነፋስ ሳይሆን ውኃ ስለነበረ፣ የድግሱ ቦታ ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በራሱ ሕይወት ላይ «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» የሚል ሰው ቢያንስ የሚያስይዘው የራሱን ነው፤ ሠርግ ግን የሌሎችን ሕይወት አስይዞ የሚደረግ ነገር ነው። የተጠራ እንግዳ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ አያት ከሩቅ አገር መጥታለች፤ ሚዜው አልመጣም ማለት ያፍራል፤ ምግብ የምታቀርበውና መብራት የሚዘረጋው ሠራተኛ ደግሞ አሠሪው ካላሰናበተው ቤተሰቡን ይዞ ሊሸሽ አይችልም። ክርስቶስ ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እምነት ያለው ሰው አምላኩን እንደማይፈታተን አሳይቷል፤ ራስን መወርወር ፈተና ከሆነ፣ በይሉኝታ የታሰረን ሰው ይዞ መወርወር ከዚያ የከፋ ነው። በእስልምናም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያም ተመካ የሚል ትርጉም ያለው መልስ እንደሰጡት በሐዲስ ይተረካል። እንግዲህ ሁለተኛ ቀን ማዘጋጀት፣ ዋስትና መግዛት፣ የመልቀቂያ ትእዛዝ ሲወጣ ሁሉን ትቶ መሄድ የእምነት ጉድለት ነው የሚለው ወቀሳ በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ ሥር የለውም።

ወደ ቁርጡና ወደ «ቢ» ስንመለስ፣ የሁለቱ ቦታ የተለያየ መሆኑ ይታያል። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 4 ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን የሚሉትን የሚወቅሰው ስላቀዱ ሳይሆን ነገን እንደ ንብረታቸው ስለቆጠሩት ነው፤ የቁርኣን ሱረቱል ካህፍም (18፥23–24) ነገ ይህን አደርጋለሁ የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ ሳይጠቅስ እንዳይናገር ያዝዛል። ከስቶይኮች ወገን የሆነው ሮማዊው ሴኔካም ጠቢብ ሰው ለጉዞ ሲነሣ የሚከለክል ነገር ካልገጠመ የሚል ሐረግ በልቡ እንደሚጨምር አስተምሯል፤ ነገር ግን የስቶይኩ ሐረግ የራሱን ልብ ከሐዘን የሚጠብቅበት አጥር ሲሆን፣ የአማኙ «ቢፈቅድ» ለሚሰማ አምላክ የሚነገር ልመና ነው፤ ስለዚህም ማዘንን አይከለክልም። የተበተነ ሠርግ ያሳዝናል፤ ማዘኑም ይገባል።

ይህ «ቢ» የሚገባው ለቀኑ፣ ለአዳራሹና ለድግሱ ነው፤ ለቃል ኪዳኑ አይገባም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተክሊል በጸሎት ተጀምሮ በቅዱስ ቁርባን የሚፈጸም ምሥጢር ነው፤ በእስልምናም ጋብቻው የሚጸናው በኒካሕ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት በሚደረገው የማቅረብና የመቀበል ውል ሲሆን፣ ወሊማ የሚባለው ግብዣ ከዚያ የሚከተል ነው። በሁለቱም ዘንድ ምሥጢሩ ወይም ውሉ ለጥቂት ሰዎች የሚበቃ ጣሪያ ብቻ ይፈልጋል፤ መቶዎችን የሚያስተናግደው ድግስ ግን ሊዛወር ይችላል። ተጋቢዎች በደስታም በመከራም ተብለው ሲጣመሩ «ማዕበል ካልመጣ» ብሎ የሚጨምር ካህን የለም። ስሕተቱ የሚሆነው ቦታዎቹ ሲለዋወጡ፣ ቀኑ የማይነካ ሆኖ ቃል ኪዳኑ በሁኔታ ሲንጠለጠል ነው፤ አንዲትን ቅዳሜ ለማዳን ሲሉ የሚጣሉ ሁለት ቤተሰቦች ይህን ለውጥ ሳያውቁት ፈጽመውታል። ማዕበል ሲመጣ ቀናቸውን የሚተዉ ሙሽሮች ግን አንዳቸው ሌላውንና የጠሩትን ሰው ከድግሳቸው አስበልጠው ስላከበሩ፣ ቃል ኪዳኑን ከመግባታቸው በፊት መፈጸም ጀምረዋል።

በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ከፍልሰታ በኋላ ቀን የሚቆርጡ ቤተሰቦች ለመጥሪያ ወረቀቱ ሲዘጋጁ፣ በብዙ የአማርኛ ጥሪ ራስጌ ላይ የሚጻፈውን «በእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚለውን ቃል ከጌጥ እንዳይቆጥሩት ይገባል። ከተቆረጠው ቀን ሥር ሁለተኛው ቀን፣ ከባሕሩ ዳር አዳራሽም ሥር ከፍ ያለ መሬት ላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ ስም ይጻፍ፤ ማዕበል ቢነሣ ማንም እንግዳ በመቅረቱ እንደማይወቀስ በግልጥ ይነገር፤ ሠራተኞቹም የሚሰናበቱበት ሰዓት አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ይግባ።